ሃያ ስምንተኛው ቀን

ገላን አዳራሽ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣
በተውሶ ኮት ታፍኜ ተቀምጬ ነበር።
እጄን በሎሚ አሽቼ፣ በላርጎ ፈትጌ፣
ሲሚንቶው ግን ቀርቷል በየጥፍሬ ግርጌ።
መድረክ መሪው ወጣ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«ለወጣት ባለሙያ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣
«በአመራር፣ በበጎ ፈቃድ፣ በቁስ ሳይንስ…»
«ቁስ ማለት ምንድነው?» አለኝ ጎረቤቴ፣
«የሶፋ ነው እንዴ?» ሳቅ አፈነኝ ከአንጀቴ።
እኔ ግን አውቀዋለሁ።
አንድ ዓምድ አስከፍሎኛል።

ሁለት ዓመት ሆነው። ከቱሉ ዲምቱ ጀርባ፣
አስፋልት ከሚያበቃበት፣ ታክሲ ከማይገባ፣
የሰፈር ትምህርት ቤት በመዋጮ ስንሠራ፣
በእሑድ ማለዳ መጣች ጭቃውን ተሻግራ።
ቀጭን ልጅ፣ ሌሊሴ። ነይ ብሎ የጠራት፣
አበል የሚከፍላት ማንም ሰው አልነበራት።
ሰላምታም አላስረዘመች፤ «አሸዋው የት ነው?» አለች፣
ከክምሩ እግር ሥር ጎንበስ ብላ ዘገነች፣
ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ከትታ፣ ውኃ ሞልታ ናጠች፣
ድንጋይ ላይ አቁማ «እንጠብቅ» ብላ ዝም አለች።
ከታች አሸዋው ረጋ፣ ውኃው ከላይ ጠራ፣
መሃል ቁጭ አለ ጭቃው፣ እንደ ቤት ሌባ ኮራ።
«ጋሽ ሽብሩ፣ ይህ አሸዋ ሳይታጠብ አይሆንም፣
ጭቃና ሲሚንቶ ቢጋቡም አይዋደዱም።»
እኔ፣ ሠላሳ ዓመት ማንካ የያዝኩ ግንበኛ!
«ሃይላንድ ነው እንግዲህ የእኔ ሥራ ዳኛ?»

ከሰዓት፣ ፊቷን ስታዞር፣ ዓምዱን ሞላሁት በእልህ፤
አሸዋው እንደነበረ፣ ለእጅ እንዲቀል ብዙ ውኃ።
አብሯት የመጣው ናሆም፣ ቃል ያልወጣው ከአፉ፣
ከዚያው ቀላቅዬ ቀድቶ ሦስት ኩብ ሞላ በሰልፉ።

ልጅ አርባ፣ ሰማንያ ጠብቆ ይጠመቃል፣
ኮንክሪት ሃያ ስምንት ቆጥሮ ይጠየቃል።
ቀኑ ሲሞላ ጠሩኝ፣ ቃሊቲ፣ ቤተ ሙከራ፤
ኩቡን ከማሽኑ ጥርስ አስገባችው በተራ።
መርፌው ተነሣ፣ ተነሣ፣ ገና ግማሽ ሳይደርስ
እንደ ከረመ ዳቦ ኩቤ ሆነ ፍርስርስ።
አልተቆጣችም። «አየህ?» እንኳን አላለችኝ።
ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።
ዓምዱን አፈረስኩት፣ በገዛ መዶሻዬ፣
እየረገምኳት ዋልኩ፣ አቧራ ለብሶ ገላዬ።
እሑድ ግን ተመለሰች፣ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣
አሸዋ ስታጥብ ዋለች፣ ከእኔ ከእልኸኛው ጋ።
አዲሱን ዓምድ ሞልተን፣ ጆንያ አልብሰን፣
ጧትና ማታ በጀሪካን ስናጠጣው አይተውን፣
«ድንጋይ ሊያበቅሉ ነው!» ብለው ልጆች ሳቁብን።
ይኸው አሁን በቅሎ፣ አርባ ሕፃን አፍርቶ፣
የማባዛት ሠንጠረዥ ይጮኻል በመስኮት ወጥቶ።

ስሟን ሲጠሯት ወጣች። ጭብጨባ። ፎቶ።
ስሟ የተቀረጸበት መስታወት ሰጧት።
በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው፣ እንደ ልማዷ።
«መስታወት» አለች፣ «ሲሰበር አስቀድሞ አይነግርም፤
ብረት ግን ይጎብጣል፣ ያቃስታል፣
ከሥሩ ያለው ሰው እንዲሸሽ ጊዜ ይሰጣል።
መሪም…» ብላ ጀመረች። ተወችው። አፈረች።
«ኩቡን የሞላው ናሆም ነው» ብላ ወረደች።
እኔ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ሌላው ገና
ንግግሩ ያለቀ አልመሰለውም ነበርና።

ያ መስታወት ዛሬ በሳይቱ ቆርቆሮ ቢሮ
የሙከራ ወረቀት ይጫናል፣ ነፋስ እንዳይወስደው።
ከጎኑ ያ ሃይላንድ፣ ጭቃው እንደ ረጋ፣
ማንም አልጣለውም፣ ክረምት አልፎ በጋ።
ሠራተኛ ሲበተን አንዳንዴ አየዋለሁ፤
አልነካውም፣ እንዳይደፈርስ እፈራለሁ።
ስድሳ ሞላኝ ዘንድሮ። ሃያ ስምንተኛው ቀኔ
የቱ ጋ ነበር? አለፈ? ወይስ ገና ነኝ እኔ?