ስድስት ነጥብ ዘጠኝ

የካቲት ነው በሪጋ፤ ዳውጋቫ ወንዙ ረግቶ፣
የሱቄ መስታወት በውርጭ ተዘግቶ፣
ቪዝማ መጣች፣ የልጅ በረዶ መንሸራተቻ ጎትታ፣
ሁለት ስፒከር በብርድ ልብስ እንደ መንታ አስተኝታ።

«የግራው ደህና ነው» አለች፣ ጓንቷን እያወለቀች፤
«የቀኙ ግን ቀጭኑን ድምፅ አጣ።» ዝም አለች።

ሳጥኑን ገለበጥኩ፤ ብሎኖቹን ፈታሁ፤
አቧራውን ጠርጌ በመብራት አየሁ።
እዚያ ነው በረኛው፣
ወፍራሙን መላሹ፣ ቀጭኑን አሳላፊው፤
ካፓሲተር ይሉታል፤ ከአውራ ጣቴ ያንሳል፤
ሲደርቅ ግን የአንድ ቤት ሙዚቃ ግማሹ ይፈርሳል።

አርጅቷል። ሆዱ ተነፍቶ ፈንድቷል፤
ቁጥሩ የነበረበት ወረቀት ተቃጥሏል።
የፈሰሰውን ሰም በምላጭ ፍቄ
ወርቁን ፈለግሁ፣ አንዲት አሃዝ፣ መነጽሬን አጥብቄ፤
ሰሙ ብቻ ነበር።

መለኪያዬን ባስነካው መርፌው ይቀላምዳል፤
ዐሥር ይላል፣ ዜሮ ይላል፤ የሞተ ምን ይመሰክራል?

ብልሃቱ ቀላል ነው፤ መንታን በመንታው መለካት፤
የግራውን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ከብየዳው አላቅቆ መንካት።
አራት ነጥብ ሰባት ማይክሮፋራድ። አልቀላመደም፤
ከአርባ ዓመት በኋላም ከተጻፈበት ፈቀቅ አላለም።

መሳቢያዬን ሳብኩ፤ አራት ነጥብ ሰባት ሞልቷል፤
ቢጫው ዓይነት፣ የማይደርቀው፣ እኔን ቀብሮ ይቆያል።
መበየጃውን አሞቅሁ።
ያኔ ነው ያየሁት።

ከሟቹ ሥር ተሸሽጎ ሌላ ትንሽ አለ፣
እግሩን ከሟቹ እግር ጋር አቆላልፎ የዋለ፤
ሁለት ነጥብ ሁለት። ፋብሪካ እንዲህ አይበይድም፤
ፋብሪካ ይቸኩላል፤ ይህ እጅ አይቸኩልም።

እነዚህ ነገሮች ጠባያቸው ለብቻ ነው፦
ተከታትለው ቢሰለፉ ያንሳሉ፣
ጎን ለጎን ቢቆሙ ይደመራሉ።
አራት ነጥብ ሰባት፣ ሁለት ነጥብ ሁለት፤
ስድስት ነጥብ ዘጠኝ።
በቀኝ በኩል ብቻ
በሩን ማን አሰፋው?

«ባልሽ ኦያርስ የት ነበር የሚሠራው?» አልኳት።
«መርከብ ጥገና። መዶሻ። ብረት በብረት።
ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ በቀኝ ጆሮው በኩል።
ከዚያ ወዲህ አይሰማውም፤ አልነገረኝም በውል።
እኔ፣ ‹ቫዮሊኑ በዛ፣ በዚያ በኩል ወጋኝ› ስለው
‹ዝም ብለሽ ስሚ› ይል ነበር፤ ቀልድ ነበር የመሰለኝ የሱ ነገረ ሥራው።»

ትንሹን ነቅዬ በመዳፏ አኖርኩ፤
ከሽንብራ ብዙም አይበልጥም። አስረድቼ ጠየቅኩ፦
«እንደ ፋብሪካው ልሥራው፣ ሁለቱ እኩል እንዲናገሩ?
ወይስ እንደ ጆሮው?»
ትራም አለፈ፤ በቆርቆሮው ጣሳ ብሎኖቼ ዘመሩ።

«ወንበሩ ቦታው ነው» አለች። «አሁን እኔ ነኝ የምቀመጥበት።
ሁለቱም ጆሮዬ ደህና ነው። ይውጋኝ፤ እንደነበረ አድርግበት።
ካስቸገረኝ
ወንበሩን ትንሽ ወደ ግራ አዛውራለሁ።»

ማታ ጨረስኩ። አንድ አዲስ፣ አንድ አሮጌ፣ ጎን ለጎን፤
የእሱን ስለካው ዛሬም አልሳተም ልኩን።
ክዳኑን ሳልገጥም፣ ነገ ሌላ ጠጋኝ ይከፍተዋልና፣
ግራና ቀኙ አልተካከለም ብሎ ያርመዋልና፣
በሳጥኑ ሆድ፣ እንጨቱ ላይ፣ በእርሳስ ጻፍኩ፦

ቀኝ፣ 6.9።
ስህተት አይደለም።