ማረም ይችላል

ጉደይቢያ፣ ማናማ፤ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ፣
አርብ ከሰዓት፣ አሥራ አራት ሴት አንድ ላፕቶፕ ላይ።
ኤሲው ያንጠባጥባል፤ ባልዲ ደቅነንለታል፣
ዋይፋዩ የሰፊው ነው፤ ሲከፋው ይዘጋዋል።
ትርሲት ናት መምህሯ፣ የሆቴል አንሶላ አንጣፊ፤
"አይፈነዳም አይዞሽ፤ ጫን አርጊና እለፊ።"

ጣቴ ግን ፈራ።
ስንት ብርጭቆ ያጠበ፣ ስንት መስታወት ያጠራ፣
ነጩ ገጽ ፊት ሲደርስ እንደ እንግዳ ደጅ ቆመ፤
ሊነካ ብሎ ተወው፣ ደገመ፣ ደጋገመ።
"ርዕስ ለመጻፍ እዚህ ይንኩ" ይላል በግራጫ፤
አንቱታውን ተመልከቱ! ማን ሰጥቶኝ ያውቃል ምርጫ?

የቤት ሥራው ይህ ነው፦ አምስት ስላይድ ስለ ራስሽ፣
ከየት እንደ መጣሽ፣ ምን እንደ ሆነ ሥራሽ።
መዲና ፊደሎቿን እንደ ወፍ ለቀቀቻቸው፤
ከግራ በረው ሲገቡ በእልልታ ተቀበልናቸው።
አስካለ ጀርባውን ሐምራዊ አደረገች፣
ደግሞ ቢጫ፣ ደግሞ ሐምራዊ፤ ሰዓቷን ፈጀች።

እኔ በስልኬ ሠራሁ፣ ሌሊት፣ ቤቱ ሲተኛ።
ስሜ አንደኛው ላይ፤ ሐርቡ ሁለተኛ።
ሦስተኛው ላይ ሳሎን፤ ወርቅማ መጋረጃ፣
የማዳም ሶፋና የማዳም ስጋጃ።
ከሥሩ ጻፍኩበት፦ "የምኖርበት ቤት።"
ውሸትም አይደለም፤ ስምንት ዓመት ጠርጌበት።

በቀጣዩ አርብ ትርሲት ማጋራት አሳየችን።
"ለምትልኪለት ሰው ፈቃዱን ወስኚ፤
'ማየት ብቻ' ይሁን? 'ማረም'? አንቺው ዳኚ።"

ማየት ብቻ።
ሣቅ አመለጠኝ፤ ይህን እኔ አውቀዋለሁ፣
ስምንት ዓመት ሙሉ በሱ ፈቃድ ኖሬአለሁ።
ባሕሩን ከኩሽና መስኮት፣ ማየት ብቻ።
የልጆቹን ልደት ከበሩ ጥግ፣ ሻማው እስኪጠፋ፣
ማየት ብቻ።
ፓስፖርቴን፣ መሳቢያው ሲከፈት፣ ከሰነድ መሀል፣
ማየት ብቻ።
የሉባባ ጥርስ ሲወልቅ፣ ሲበቅል፣
ቁመቷ ሲመዘዝ፣ በተሰነጠቀ ስልክ፣
ማየት፣
ማየት ብቻ።

ሊንኩን ለሉባባ መርጬ ላክሁላት፤
"ማረም ይችላል" የሚለውን ሰጠኋት።

ሌሊት ስምንት ሰዓት፤ ሰዓታችን አንድ ነው፣
እሷ የሌሊት ጥቅሏን፣ እኔ ሌሊቴን የምንጠቀመው።
ገጹ ላይ አረንጓዴ ቀስት ብቅ አለች፤
"ሉባባ" የሚል ስም አንጠልጥላ ትሮጣለች።
ትንፋሼን ዋጥኩ። የኔም ቀስት እዚያው ነበረ።
አንድ ገጽ ላይ ሆንን፤ ማን ይህን ጠረጠረ?

መጀመሪያ ስሜ ላይ ሄደች።
"ዘሀራ" ብዬ ነበር፤
ሀሌታውን ነቅላ ሐመሩን ተከለች።
ትቻት ስወጣ ስድስት ዓመቷ ነበር፤
እማሳው ዳር ቆማ፣ ጤፉን ካረሙ
ገና ሳትለይ፣ ሁለቱንም ትነቅል ነበር።
ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ናት። እኔን ታርማለች።

ሦስተኛው ላይ ቆመች።
ሶፋው ላይ፣ ረጅም ጊዜ፤ ኔትወርክ የሄደ መሰለኝ።
ከዚያ በኅዳጉ፣ ፊደል በፊደል፣ ጠየቀችኝ፦
"እማ፣ አንቺ የቱ ጋ ነሽ?"

ተነሣሁ። መብራቱን አበራሁ። ፎቶ አነሣሁ፦
ፍራሼን፣ የልብስ ማጠቢያውን ሆድ፣ የኦሞ ካርቶን፣
ካውያ፣ ሽርጤን የሰቀልኩበት የውኃ ቧንቧ፣
መጽሐፍ የሚያህል መስኮት።
ሶፋውን ሰረዝኩት። ይህን በቦታው ለጠፍኩት፤
ትንሽ ሆኖ ጥግ ላይ ወደቀ፣
እሱም እንደኔ አፈረና ተደበቀ።
ልጄ መጣች። ጠርዙን ያዘች። ጎተተችው፤
ገጹን ሞልቶ ድንበሩን እስኪነካው።
ክፍሌ ሰፋች።
እንዲህ ሰፍታ አታውቅም።

አርብ። የትርሲትን አንሶላ ግድግዳው ላይ ሰቀልን፣
ከሰፊው ወንድም የተዋስነውን ፕሮጀክተር ተከልን።
ስሜን አነበብኩ። ሐርቡን አሳየሁ። ክፍሌንም።
ማንም አልሣቀም።
አስካለ ብቻ "የኔም ቧንቧ አለው" አለች።
አምስተኛው ባዶ ነው፤ ምን ልጻፍ? ሳልወስን ቀርቼ
"አለቀ" ልል ስል፣ አንሶላው ላይ፣
ከእጥፋቱ ሥር፣ አረንጓዴዋ ቀስት ገባች፤
ፊደል መልቀም ጀመረች፣
አንድ፣
ቆየት ብላ፣ ሌላ አንድ።

መዲና ወደኔ ዞራ፦
"ዘሐራ! ይሄ ደግሞ የቱ ኢፌክት ነው? አሳዪኝ!"

ኢፌክት አይደለም፣ አልኳት።
ልጄ ናት።