አቧራው በሚመጣበት ወር

«አባ፣ ወሩን ምረጥ፣ ትኬት ልቁረጥልህ፣
ጋና ሩቅ አይደለም፣ አብሽር፣ እኔ አለሁልህ»
ትይኛለሽ ማታ፣ ስልኩ እየቆራረጠ፣
ጉም ከጦሳ ወርዶ ሰፈሩን እየዋጠ።

ደብተሬን አወጣሁ፣ በእርሳስ ከፈልኩት፣
በግራ የደሴን ወራት ደረደርኩት፣
በቀኝ የታማሌን፤ ደግሞ መሃል ላይ
የማይገጥም ነገር፦ ሰማይና ሰማይ።

ነሐሴ አይሆንም። እናንተ ዘንድ ዶፍ ነው፣
እኛም ዘንድ ያው ዶፍ ነው፤
ከዝናብ ወደ ዝናብ ማን ትኬት ይገዛል?
ሐረጎም ተንዶ መንገዱ ይያዛል።

መስከረም ያም የሚሉት ሥር ከጉድጓድ ይወጣል፣
መንገዱ ግን ቀይ ጭቃ፣ ጎማ ይውጣል፤
እኔስ የገራዶዋ ጤፍ ገና ሳትቀላ
በምን ሆዴ ልሂድ፣ ጥያት ለሌላ?

መጋቢትን እንኳን ስሙን አታንሺብኝ፣
«አርባ ዲግሪ ነው፣ አባ፣ ጣራው ይጠብሳል» ያልሽኝ።
እዚህ በልግ ነው፤ አጎትሽ እብሬ
ከኩታበር ይመጣል፣ ሊዋስ አንድ በሬ።
ግንቦት ማንጎ አለ፣ አውቃለሁ።
ማንጎ ከመርሳም ይመጣል፤ እዚሁ እበላለሁ።

ቆይተሽ ወሰንሽ። «ኅዳር ና፣ ዝናቡም አባርቶ፣
አቧራው ሳይመጣ፣ ሰማዩ ተከፍቶ፤
ሣሩም አልደረቀ፣ ሌሊቱም ደግ ነው፤
አዋቂ የሚመጣው ይኼኔ ብቻ ነው።»

እውነትሽን ነው፣ ሉባባ። እኔም አስተማርኩት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በጠመኔ ጻፍኩት፦
«ከሰሐራ ተነስቶ የሚነፍስ ነፋስ፣
ደረቅ፣ አቧራማ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድረስ፤
ስሙም ሐርማታን።»
ፈተና ላይ አምስት ማርክ ነበረው።

አንድ ቀን ከኋላ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣
ሙሄ የሚባል ልጅ፣ ጥያቄ የማይጠግብ፣
እጁን አወጣና «ቲቸር፣ አይተኸዋል?» አለኝ።
«አዎ» አልኩት። ወላሂ፣ ከአፌ ነው ያመለጠኝ።
«ምን ይመስላል?» አለ።
ጉም ውስጥ ነው ያደግሁት፣ ጉሙን አበደርኩት፤
«የደሴን ጉም ውሰድ፣ ቀይ ቀለም ንከረው፣
ጥርስህ ላይ ሲንኮሻኮሽ፣ እሱ ነው» አልኩት።
ጻፈው። ከሥሩም አሰመረበት።

ሙሄ ዛሬ ቧምቧ ውሃ ጎማ ይሸጣል፣
ባየኝ ቁጥር ሮጦ ወንበር ያመጣል፤
ለቆመው ሾፌርም፣ ለረዳቱም፣ ለሁሉም፦
«እኚህ ሰው ሐርማታንን ያዩ ናቸው፤ ቀልድ አይደሉም!»
ያን ወንበር፣ ልጄ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩበት፣
አንድም ቀን ሳይመቸኝ፣ ሻይ እየጠጣሁበት።

ስለዚህ በጥር ነው የምመጣው፣ በጥር።
«ሳልህስ?» እንዳትዪ፤ ከሳሌ ጋር ልኑር።
ከንፈር ይሰነጥቃል አሉ፤ ቅባት እይዛለሁ።
አውሮፕላን ያዘገያል አሉ፤
እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቻለሁ።
ፀሐይ በቀትር ገርጥታ እንደ ጨረቃ ትሆናለች
ይላል መጽሐፉ፤ እስቲ ትሁን፣ ልያት።
ቀለሙን ግን አልጻፈም።
ቀይ ባይሆንስ? ነጭ ቢሆንስ፣ እንደ ዱቄት?

አደራሽን፣ ስመጣ መስኮቱን አትወልውዪው፣
አንድ ሳምንት ብቻ፣ እንዳለ ተዪው፤
ጣቴን ላስኬድበት።
ከዚያ በክብሪት ቀፎ ጥቂት አጠራቅሜ፣
ስመለስ ከሙሄ ጎማ ቤት በር ቆሜ፣
ወንበሩን ሲያመጣ «ቆይ፣ አልቀመጥም» ልበለው፣
ቀፎውን ልክፈተው።
ከዚያ ወዲያ ምን እንደምለው እኔም አላውቅም።

ቁረጪው ትኬቱን።
ቀኑን አንቺ ምረጪ፤ ወሩ አይለወጥም።