ባለቤቱ ማነው

ከሌሊቱ ስምንት፣ በክላክስቪክ ወደብ፣
ነፋሱ ቆርቆሮ ሲገርፍ፣ ሲደበድብ፣
ከዓሣ ጨረታው ቤት አንድ መብራት በርቷል፤
ራንቫ ተቀምጣለች፤ ሻይዋ ቀዝቅዟል።

ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ከመቶ ዘጠና ሰባት እጅ፤
የነገው ዓሣ ሁሉ ሊጠና ነው ደጅ።
የአሥራ ሁለት ዓመት ኮድ፣ ዓሣውን ነው የምል፣
ሣጥኑ፣ ኪሎው፣ ዋጋው፣ የጀልባው ስም በውል፣
በአንዲት ጠባብ ማኅደር ተፋፍጎ ያደረ፣
ጓዙን ይጠቅልል እንግዲህ፤ አዲስ ዲስክ ታሰረ።

ሰርቨሩን አስተኛች፤ «ትንሽ ረፍ» አለችው፤
ፋይሉን አንድ በአንድ ወዳዲሱ ቀዳችው፤
ከማዋቀሪያው ላይ አንዲት መስመር ፍቃ
አዲሱን አድራሻ ጻፈች ተጠንቅቃ፤
«ተነስ» ብላ አዘዘች።
አልተነሳም።

መዝገቡን ከፈተች፤ «ፈቃድ የለም» ይላል፤
የገዛ ንብረቱን በር ላይ ቆሞ ያያል።
ገልብጣው ኖሯል ለካ በሩት ስም ተጽፎ፣
የሰው ቤት ሆኖበት፣ ቀረ ከደጅ አርፎ።
ሩት የሴት ስም አይደል፣ ሥር ማለት ነው በኛ፤
ሥር በያዘው ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አይተኛ።

ባለቤት ለወጠች ከደጅ እስከ ጓዳ፤
ለእሱ ብቻ ክፍት ነው፣ ዝግ ነው ለእንግዳ።
«ተነስ።»
አሁንም እንቢ።

ለካስ ዘበኛ አለ፣ ከርነሉ ሥር የሚኖር፣
ከድሮው መንገድ በቀር የማያውቅ ሌላ በር፤
ባለቤቱም ቢሆን፣ ቁልፍ ቢይዝ በእጁ፣
አድራሻው ካልተጻፈ አይገባም ከደጁ።
ጻፈችለት።
አነበበ። ዞር አለላት።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ።
«ዝግጁ ነኝ» የሚል አንድ መስመር፣ ሌላ ምንም።
የድሮውን ማኅደር ግን አላጠፋችውም፤
«አሮጌ» ብላ ሰየመችው፣
ለክፉ ቀን፣ ምናልባት፣ ቢፈለግም።

ቤቷ በር ላይ ደግሞ፣ ከመጋቢት ወዲህ
ያልነካችው መስመር ከነሐሱ አለ እንዲህ፦
ራንቫ እና ሃልግሪም።
ባለቤቷ ጓዙን ጠቅልሎ ቶርስሃቭን ገብቷል፤
ስሙ በሁለት ብሎን እዚያው ተጠርቅሟል።
ማን ይለውጠዋል? በየትኛው ትእዛዝ?

የመጀመሪያዋ ጀልባ ጥሩምባ ነፋች።
አርባ ሁለት ሣጥን ኮድ።
ቁጥሩ ከአዲሱ ቤት ሲገባ አየች፣
ሻይዋን ደፋች፣ ጃኬቷን ለበሰች፤
ዲስኩን ያሰረችበት ካቻቢቴ
ከኪሷ ነው፤
አላወጣችውም።