የበሩ መቃን

ጎንበስ ብለህ ግባ፤ የቤቴ ጉበን አጭር ነው፤
ናዝሬት እንዲህ ናት፤ ግማሹ ግድግዳ፣ ግማሹ ገደል ነው።
ስለ እሱ ልትጠይቅ እንደ መጣህ አውቃለሁ፤
ብዙ ሰው መጥቷል፤ ለሁሉም ይህን መቃን አሳያለሁ።
ዳስሰው። እንጨቱ ወይራ ነው፤
ዓይኔ ከደከመ ወዲህ እኔም በጣቴ ነው የማየው።

በቀኝ ያሉት ጭረቶች የአናጢው ልጅ ቁመት፤
በግራ ያሉት የያሚን፣ የልጄ፤ ሰባት።

በየዓመቱ የወይራው ለቀማ ሲያልቅ፣
አባትየው መሮ ይዞ ሲመጣ ይጀመራል ጭቅጭቅ፤
«ተረከዝህን አውርድ!» «አንተ ነህ በጣትህ የቆምከው!»
«ጸጉርህ ነው የረዘመው!» «ያንተ ነው የጎፈረው!»
ያሚን ይንጠራራል፤ ያኛው በሳቅ ይታጠፋል፤
ይኸውልህ፣ አራተኛው ጭረት አንድ ጣት አንሶ ቀርቷል።

ምን ይመስል ነበር ትለኛለህ። ልጅ።
የወለቀ ጥርሱን ሊያሳየኝ የሚሮጥ፣ ጨብጦ በእጅ።
በለስ ሲበላ እስከ ክርኑ የሚጨማለቅ፣
እንቅልፍ ሲጥለው ከሱፌ ክምር ላይ የሚወድቅ።
መዳፉ ላይ ስንጥር ተሰክቶበት፣ በመርፌዬ አወጣሁለት፤
እንደ ማንም ልጅ ጮኸ፤ እንደ ማንም ልጅ እፍ አልኩለት።
ፊደል ቀድሞ የለየው ያሚን ነው፤ ይህን ጻፍልኝ፤
ያኛው ከልጄ ነው የተማረው፤ ይህን ማንም አይነሳኝ።

ከዚያ የጉድጓዱ ውኃ የጎደለ ክረምት፣ ዝናብ ሲከለከል፣
ትኩሳት ገባ መንደራችን፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ሊነጥል።
ያሚን ሦስት ሌሊት ነደደ። በአራተኛው ቀዘቀዘ።
ያ ልጅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ እግሩ ደነዘዘ።
ገባ። የጓደኛውን እጅ ያዘ። ጠበቅሁ፤
ምን እንደ ጠበቅሁ ያኔ አላወቅሁም፤ ዛሬ ግን አወቅሁ።
ያዘው እንጂ አላነሳውም።
አለቀሰ። ንፍጡን በእጅጌው ጠረገ። ሌላ ምንም አላደረገም።

በስምንተኛው ዓመት አባትየው መሮውን ይዞ መጣ፤
ልጁ አልለካም አለ፤ ከእናቱ ጉያ አልወጣ።
ማምሻውን ራሱ አባቱን ጎትቶ፣ ጀርባውን ለመቃኑ ሰጠ፤
ተለካ። ዞረና በግራው በኩል፣ በቁመቱ ልክ፣ መዳፉን አስቀመጠ።

ዓመታት ሄዱ። ወሬ ደረሰኝ ካረጀሁ በኋላ፤
ናይን በር ላይ ቃሬዛ አስቁሞ፣ የመበለት ልጅ አስነሳ ተብሎ ሲወራ።
ናይን ቅርብ ናት፤ በጠዋት የወጣ ለምሳ ይደርሳል።
እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ። የኔስ? የኔስ የት ይወድቃል?
እናቱ ቤት ሮጥኩ፤ «ሐጊት ምን በደለች?» ብዬ ጮህኩባት።
ዝም አለችኝ፤ የወደቀ ነጠላዬን አንስታ ሰጠችኝ፤ መልስ አልነበራት።
የሷም ተራ እየመጣ ነበር፤
አላወቅንም፤ አንዱን ትከሻ ተደግፈን ስናለቅስ ነበር።

ዛሬ፣ ሰማይን በስንዝር የለካው እሱ ነው ይላሉ።
ይሁን። እኔ ሲለካ ነው ያየሁት፤ ጭረቶቹ አሉ።
አንድ ነገር ግን ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል፤
በናይን ያንን ቃሬዛ ሲነካ፣ እጁ የማንን እጅ አስታውሶ ይሆን? ያሰኘኛል።
ሞትን መጀመሪያ የተዋወቀው ከዚህ ቤት ነው፤
ሐዘን የተማረው ከዚህ ወለል ላይ ነው።

አሁን ወደ ግራ ተመለስ። ከሰባተኛው በላይ ጭረት የለም።
የለም፤ ግን ጣትህን አሳርፍ፤ አትቸኩልም።
ሻካራው እንጨት እዚህ ይለሰልሳል፤
ትንሽ ከፍ ስትል፣ እንደገና ይለሰልሳል፤
እንደገና።
በየዓመቱ መጥቷል፤ አንድም አልቀረም፤ መዳፉን አኑሯልና።

በቃ፣ መሸ። ስትወጣ ጎንበስ በል፤
እሱም ከጎረመሰ ወዲህ፣ እየረሳ፣ ግንባሩን ከጉበኑ ያጋጨው ነበር፤ ያን ጊዜም ይስቅ ነበር፣ በል።