የጥጉ መብራት

ሠላሳ አንድ ዓመት ትራም አሽከርክሬ፣
ነቅቶ ማደር ገብቶ፣ ሰርጾ ከደም ሥሬ፣
ጡረታ ስወጣ የሰፈሩ ሸንጎ
እንቅልፍ የማይወስደው መዝጋቢ ፈልጎ፣
ደብተር አስጨበጠኝ፣ እርሳስ ያለው በክር፤
"የሚሆነውን ጻፍ፣ ከመስኮትህ ሥር።"

መንገዳችን ጠባብ፣ "ቆዳ ፋቂዎች" ይሉታል፤
ከዳኑብ የወጣ ጉም ደጃፋችን ያድራል።
እነሱ ሴተኛ አዳሪ፣ እኔ የመስኮት አዳሪ፤
ባንድ ሌሊት ጣራ ሥር
እነሱ ተቆጣሪ፣ እኔ ቆጣሪ።

ኖቬምበር ሦስት፣ ሌሊት ሰባት ተኩል።
ግራጫ መኪና። ሞተሩ ሳይጠፋ ዐሥር ደቂቃ።
ኖቬምበር አምስት። በመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ሥር
መርፌ፣ ሁለት። አንዱ ክዳን አለው።
ኖቬምበር ስድስት። ጩኸት። የሴት።
የመኪናው ሰሌዳ በጭቃ ተሸፍኗል።
ኖቬምበር ሰባት። ዝናብ። ምንም።

ፒሮሽካ ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቅላ
ባለቀይ ራስ እስፒል ትሰካለች ቸኩላ፤
ለተሰበረ መስኮት አንድ፣ ለጠፋ ብስክሌት አንድ፣
ለነሱ ዐሥራ አራት፣ ሁሉም በእኛ መንገድ።
ኩፍኝ የያዘው ልጅ መሰለ ሰፈሩ፤
ሽፍታው ተቆጠረ፣ ሳይዳሰስ ግንባሩ።

ጌርጌይ ዳቦ ጋጋሪው እጁን አነሣና፦
"ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ፣ መኪና
አጠገቧ ቆሞ 'ስንት ነው?' አላት።
ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።
የሚዋሰስበት መሐረብ ጠፍቶ ባርኔጣውን ያሻል።
ዝም አልን። እውነቱን ነው። ጌርጌይ አይዋሽም።

ያኔ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ተነሣች፤
ቢጫ ካፖርቷን እስካንገት ቆልፋለች።
"ኢሎንካ እባላለሁ። ቁጥር ዐሥራ ሰባት፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከጓሮ። ኪራይ አላዘገየሁበት።
እኔም አቤት ልበል። የጥጉ መብራት ከጠፋ አምስት ወሩ፤
የሰውየውን ፊት ሳላይ ነው የምገባው በበሩ።
ስርቆትም ካላችሁ፣ እኔን ሰርቀውኛል፤
ቢላዋም ካላችሁ፣ እኔን ወግተውኛል፤
ያቺ ቀይ እስፒል፣ እዚያ የተሰካች፣
ተበዳይዋ ሆና በዳይ ተብላለች።"

አንድ ወንበር ተንቋቋ።
ፒሮሽካ መነጽሯን ወለወለች፣ ደግማ ወለወለች።
"አጀንዳው ላይ የለም" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።
እኔም እርሳሴን ይዤ ደብተሬን አየሁ፦
ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ የሰሌዳ ቁጥር አለው፤
ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለውም።
አልጻፍኩም።

በዲሴምበር የብረት ምሰሶ ተተከለ፤
መኪና ሁሉ ዞሮ በሌላ በኩል ዋለ።
ገጹ ነጣ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።
ኬክ ተቆረሰ፣ ሸንጎው ተሰብስቦ።
የጌርጌይ ልጅ ብቻዋን መጣች፣ ቦርሳዋን እያወዛወዘች፤
ደስ አለኝ፣ አልክድም።
ያን ሳምንት እኔም ተኛሁ።

ውኃን ቢገድቡት ሌላ ቦይ ያበጃል፤
ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ደብተር ገዝቷል።

በጃንዋሪ፣ ብርዱ ጥርስ በሚያስነክስበት ለሊት፣
እግሬ በለመደው ወደ ትራም ማደሪያው ሄድኩ።
ከስኳር መጋዘኑ ጀርባ ቢጫ ካፖርት አየሁ፣
አንድ እጅጌው የለም።
ግራ እግሯን እየጎተተች መጣች፤
እሳት የምትለምነኝ መስሎኝ ኪሴን ዳበስኩ።
"ሽማግሌው" አለች፣ "መብራቱን ጻፍከው?"

ቤቴ ገብቼ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ፣
በኅዳጉ ላይ፣ ከዓምዶቹ ውጭ ጻፍኩ፦
የጥጉ መብራት ጠፍቷል።
አመልካች፣ ኢሎንካ፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት።
ገጹን ቀድጄ ማዘጋጃ ቤት ወሰድኩ፤
ጸሐፊዋ ማኅተም መታችበት፣ ቀና ብላም አላየችኝ።

በማርች ሁለት ሰዎች መሰላል ይዘው መጡ።
አምፖሉ አዲስ ነው፣ ነጭ፣ ኃይለኛ፤
የብረት ምሰሶዎቹን ቀለም እስከ ስንጥቁ ያሳያል።
ሥሩ የሚቆም ሰው የለም።
ቁጥር ዐሥራ ሰባት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ "ይከራያል" ይላል።
ብርሃኑ በመጋረጃዬ ሾልኮ ትራሴ ላይ ያርፋል፤
ደብተሩ ባዶ ነው፣
አልተኛም።