ከጠረጴዛው በታች

ከሊዝበን ወዲያ ማዶ፣ በከተማዋ ኮሩሽ፣
ሰው በሚተዳደርበት፣ ከዛፍ በገፈፈው ቡሽ፣
ዴኦሊንዳ የምትባል፣ የመጋዘን ሂሳብ ያዥ፣
ደረሰኝ ትጽፋለች፣ ለሻጭ እና ለገዥ።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ፤
ዓይኗ ቁጥር ሲለቅም፣ ጣቷ ሲል ቀጭ ቀጭ።
ወንበሩ ድሮ የሎጋው አለቃ ነበር፤
እሷ ስትቀመጥ ጫማዋ አይነካም ምድር።
የመቀመጫው ጠርዝ፣ ከጉልበቷ ኋላ፣
ደሟን አላሳልፍ ይላል፣ ቀረጥ እንዳጣ ኬላ።

ወደ አስር ሰዓት ላይ እግሯ ይደነዝዛል፤
የማይረገፍ ጉንዳን ከተረከዟ ይነሣል።
«እግሬ አውጪኝ» ብትለው ይህ እግር የት ያወጣል?
ደረጃው ጋ ሳይደርስ፣ እንደ ሰካራም ይወላገዳል።

አዴሊኖ አለ ደግሞ፣ የጥንት ቅርፊት ገፋፊ፣
መጥረቢያውን ሰቅሎ፣ ዛሬ የበር አሳላፊ።
አንድ ምሽት በባትሪ፣ የወደቀ ቁልፍ ሊፈልግ ጎንበስ ሲል፣
ሁለት እግር አየ፣ ተንጠልጥሎ ዥው ዥው ሲል።

«ዛፍ እንኳ» አላት፣ «ቅርፊቱ ሲወሰድ፣
ዘጠኝ ዓመት ያርፋል፣ ማንም አይነካውም በግድ።
አንቺ ግን ዘጠኝ ደቂቃ ለእግርሽ ነፍገሽ፣
የሰው ገንዘብ ስትቆጥሪ ልትቀሪ ነው አንክሰሽ።»

ተቆጣች፤ «ከእግሬ ሥር ማን ላከህ?» አለችው።
መልስ አልሰጠም። ባትሪውን አጠፋው።

በማግስቱ አገኘች፣ ከወንበሯ በታች፣
አንድ ወፍራም ቡሽ፣ ወደ ፊት ያዘነበለች።
በነጭ ቀለም ሰባት ቁጥር ጀርባዋ ላይ ደብዝዟል፤
ዛፉ ዕረፍት የጀመረበትን ዓመት ይናገራል።

ሰው አለመኖሩን አየች፤
ጫማዋን አወለቀች፤
ረገጠች።
ቡሽ እንደ ሴራሚክ አይቀዘቅዝም።
ጭኗ ከጠርዙ ተላቀቀ፤ ደሙ ኬላውን
ማንም ሳይጠይቀው አልፎ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ማተሚያውን ከአጠገቧ አንሥታ፣
ከኮሪደሩ ጫፍ አኑራዋለች፣ ከመስኮቱ ዳርቻ።
ለያንዳንዱ ደረሰኝ መሄድ፣ መመለስ ነው፤
አለቃዋ «ወረቀት እንዲህ ይናፍቃል?» ይላል፤ «ይናፍቃል» ትለዋለች፣ ዝም ነው።

አንድ ቀን፣ ወረቀቷን እየጠበቀች፣
በመስኮቱ ቁልቁል ወደ በሩ አየች፦
አዴሊኖ ቆሟል። ጠዋትም ቆሞ ነበር።
አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግሩ፣ እንደ ሽመላ ሲቀያየር።

እሷም አልጠየቀችም። የሎጋውን ወንበር
በጎማው እየገፋች፣ ጠጠር ላይ እየተንገጫገጨ፣
እስከ በሩ ወሰደችው።
ተቀመጠ።
እግሩ መሬት ደረሰ፤ ልኩ ነበር።
«ማን ላከሽ?» አላት።